ከእረፍት በኋላ ባዶ የሚሆነው ወንበር

እህቴ ኤተልቪና ሟች ባሏ እንደተቀየማት የነገረችኝ ድንች እየላጠች ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አረፍ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው ብዬ አስብ ነበር። እሷ ግን ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ቤላርሚኖ ወንበሩ ላይ ሰው አላስቀምጥም ብሏል» አለች። «ያባርራቸዋል። አንድም አይቀረው።»

እኔ ዕድሜዬን በመርከብ ሞተር ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አስቱሪያስ ግዛት፣ ዝናብ ወደማይለቃት የወደብ ከተማችን የተመለስኩት በዚያው ክረምት ነው። በሙት መንፈስ አላምንም። በእግር ኳስም አላምንም። እህቴ በሁለቱም ታምናለች፤ ስለዚህ እራት ላይ ስንቀመጥ የምናወራው ብዙ ጊዜ ስለ ድንቹ ነበር።

«በሕይወት እያለ የጎረቤት ድመት ማባረር ያቃተው ሰው» አልኳት፣ «ሞቶ ነው ሰው የሚያባርረው?»

«ሳቅ አንተ። ሳቅ። እዚያ ስላልነበርክ ነው።»

አልነበርኩም። ይህች ቃል እንደምታመኝ ታውቃለች፣ ለዚህም ነው ለክፉ ቀን የምታስቀምጣት። ቤላርሚኖ ሲሞትም ሲቀበርም እኔ መሃል ባሕር ላይ ነበርኩ። የሆነውን ሁሉ የሰማሁት በስልክ ነው።

እህቴና ባሏ ከተጋቡ ጀምሮ ስታዲየሙ ውስጥ ጎን ለጎን የዓመት ወንበር ነበራቸው። ልጅ አልወለዱም። እሁድ እሁድ የሚሄዱት እዚያ ነው፤ ለነሱ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መዝናኛውም፣ የባልና ሚስት ጠቡም እርቁም እዚያ ነበር። ቤላርሚኖ የመርከብ ብየዳ ሠራተኛ ነበር፣ ጭንቅ ካልያዘው በቀር አፉን የማይከፍት ሰው። የሞተ ቀን ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ነበር ጨዋታው። ሊያልቅ ሲል የኛዎቹ ጎል አገቡ። ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለ። ኤተልቪናም ብድግ አለች፣ ጮኸች፣ ዘለለች፣ ከፊቷ ያለችውን ሴት አንገቷን ይዛ ሳመቻት። ከዚያ ባሏን ልታቅፍ ዞረች። ቤላርሚኖ እንደተቀመጠ ነው፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

ሐኪሙ «ልብ ነው፤ ብታይውም ምንም ማድረግ አትችይም ነበር» ብሏታል። የሐኪም ቃል ምን ያደርግላታል? በስልክ ስትነግረኝ ታሪኩን በየጊዜው በሌላ በሌላ ቃል ታወራው ነበር። አንዷ ዓረፍተ ነገር ብቻ አትለወጥም፦ «እሱ ሲሞት እኔ እጨፍር ነበር።»

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ለሷ ቀረ። ወንበሩ ዓመቱን ሙሉ የተከፈለበት ነው፤ ግን ባለቤቱ ሳይመጣ፣ ለሌላም ሳይለቅ ደጋግሞ ባዶ ካደረገው ክለቡ ይነጥቅና ተራ ለሚጠብቁት ይሰጣል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከከተማዋ ሕዝብ አያንስም። ስለዚህ በየጨዋታው ዋዜማ እህቴ ስልኳን አውጥታ የቤላርሚኖን ወንበር ለዚያ ቀን ብቻ ትለቃለች። ክለቡ ለፈለገ ይሸጠዋል። ከሽያጩም ትንሽ ነገር ከመጪው ዓመት ክፍያዋ ይቀነስላታል።

«ለምን ጭርሱን አትመልሺውም?» አልኳት።

«ልመልስና ክለቡ አዲስ ባል ይምረጥልኝ? ሁልጊዜ ጎኔ የሚቀመጥ?»

«እንግዳ ሲቀመጥስ አይከፋሽም?»

አሁን ቢላዋውን አስቀመጠችው። «አይከፋኝም። ደስ ይለኛል። የሰው ክንድ ነው። ዝናብ የነካው ካፖርት ይሸተኛል፣ ሱፍ ሲፈለፍል እሰማለሁ። ለዚያች ሰዓት ብቻዬን አይደለሁም።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለእረፍት ወጥቼ ስመለስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ሁልጊዜ። ወጣት መጣ፣ ሽማግሌ መጣ፣ የውጭ አገር ሰው መጣ፤ ከእረፍት በኋላ የቆየ የለም። አንዱን ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩበትና ‹ለምን ሄድክ?› አልኩት። ፊቱ ነጭ ሆኖ አማተበና ‹ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም ነበር› ብሎኝ ጠፋ። ምኑን ነው ያላወቀው? ምን አይቶ ነው?»

ያስቀመጠችውን ቢላዋ አንስቼ ድንቹን መላጥ ጀመርኩ።

«አልማረኝም» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ሲሞት አላየሁትም፤ እሱም ጎኔ ሰው እንዲኖር አይፈቅድም። በየጨዋታው ይቅር በለኝ እለዋለሁ። አይመልስልኝም።»

የጠየቀችኝ ነገር ይህ ነበር፦ እንድቀመጥበት። ካርዱን ሰጥታኝ ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ባዳ ከክለቡ ገዝቼ። «ካርዱን ከሰጠሁህ እንደ ዘመድ ነው የምትገባው። እንደ እንግዳ ግባ። አናወራም፣ አንተያይም። ከእረፍት በኋላ የሚሆነውን ታያለህ።»

«ቤላርሚኖ እኮ ያውቀኛል። ሠርጉ ላይ ኮት ያዋስኩት እኔ ነኝ።»

«ቆብ አድርግ።»

የሞተ ሰው በቆብ ይታለላል ብላ የምታምን ሴት ጋር ምን ክርክር አለ? የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ እሷ በስልኳ ለቀቀች፣ እኔ በስልኬ ፈለግሁ። መነጽሬን እስካደርግ ሌላ ሰው ወሰደው። ደደብ ብላ ሰደበችኝ። ለሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ መነጽሬን ቀድሜ አደረግሁና የአማቼን ወንበር በገዛ ገንዘቤ ገዛሁ።

ከጨዋታው አንድ ነገር አላስታውስም። ሜዳው ጭቃ ነበር፣ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። እህቴ በቀኜ ተቀምጣ ቀና ብላ ወደ ፊት ታያለች፣ ፊቷ እንደ ፈተና ቀን ተማሪ ነው። ከፊታችን ትከሻዋ ሰፊ የሆነች ሴት ነበረች፣ ቻሮ ይሏታል፤ ለረድፉ ሰው ሁሉ ቋሊማ ያለበት ዳቦ እየቆረሰች ታድላለች። ለኔ አልሰጠችኝም። ከኋላዬ ደግሞ አንድ ጆሮው ላይ የሬዲዮ ማዳመጫ የሰካ፣ አረቄ አረቄ የሚሸት ሽማግሌ ነበር። ሬዲዮው የሚያወራውን ጨዋታ ከሚያየው ጨዋታ አብልጦ ያምናል። ኒካኖር እንደሚባል የሰማሁት፣ ሰው ሁሉ «ኒካኖር፣ ሬዲዮው ምን አለ?» ሲለው ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ወንበሩ ከሌላው ወንበር የተለየ ነገር የለውም፤ ፕላስቲክ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ግን ገና ከመቀመጤ አንገቴ ላይ የሰው ዓይን ተሰማኝ። ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስዞር ሁሉም ወደ ሜዳው ነው የሚያየው። ወደ ፊት ስመለስ ዓይኑ ይመለሳል። በባሕር ላይ ማዕበል ብዙ አይቻለሁ፣ እንዲህ ጀርባዬን የበረደኝ ቀን ግን ትዝ አይለኝም። በልቤ «ቤላርሚኖ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩ። ከዚያ አፈርኩ።

ዳኛው የእረፍት ፊሽካ ሲነፋ እህቴ ተነሳች። ሳታየኝ አልፋኝ ደረጃውን ወረደች።

ወዲያው ትከሻዬን የሆነ ነገር ነካኝ።

የሰው እጅ ነበር፣ ወፍራም ጣት ያለው፣ ትኩስ። ኒካኖር ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብሏል።

«ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ። «የዚህ ወንበር ባለቤት የሞተው እዚሁ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ነው። አሁን የወጣችው ሚስቱ ናት። ወንበሩን የምትለቀው ክለቡ እንዳይነጥቃት ብላ እንጂ ወዳ አይደለም። ደረጃው ጋ ባዶ ቦታ አለ። ሰው የሆነ ሰው ይነሳላታል።»

ወደሱ ዞርኩ።

«ለስንት ሰው ነው ይህን የነገርከው?»

«ለሁሉም ነዋ!» አለ በኩራት። «እግዜር ይባርካቸው፣ አንድም እምቢ ያለ የለም። እንዲያውም አንዱ እንግሊዛዊ በምልክት ነግሬው እያለቀሰ ነው የሄደው።»

«በምልክት የነገርኩት እኔ ነኝ!» አለች ቻሮ ዞር ብላ።

«አንቺ ሬሳውን ሆንሽ፣ ሚስቱን የሆንኩት እኔ ነኝ።»

ተነስቼ የካፖርቱን አንገት ያዝኩት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! «ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?» አልኩ። ድምፄ እንደ ሞተር ክፍል ነበር የወጣው፣ ሦስት ረድፍ ዞረ። «አንድ ቀን እንኳ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብላችሁ ጠይቃችኋታል?»

«ምን መጠየቅ ያስፈልጋል?» አለች ቻሮ። «ሁለት ኩባያ መረቅ ይዛ ትመጣለች እኮ! አንዱን ለራሷ፣ አንዱን የሱ ወንበር ላይ። በዓይናችን እያየን! ታዲያ የሟችን መረቅ ባዳ ቂጥ ስር እናድርገው?»

ሁለተኛው ኩባያ ለማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለእንግዳው ነበር የምትገዛው። እንግዳው ጠፍቶ ስታገኘው የት ታድርገው? ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። እነሱም ያን አይተው ለሚቀጥለው እንግዳ ይበልጥ ይጨክናሉ።

እነዚህ ሰዎች ግማሽ ዕድሜያቸውን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠው የአባት ስም አይተዋወቁም። የማን በረኛ መቼ እንደታመመ ያውቃሉ። ሐዘን ላይ ያለችን ሴት «እንዴት ነሽ?» ለማለት ግን አፋቸው ይታሰራል። እኔ ከነሱ የተሻልኩ ነኝ አልልም፤ እኔም በስልክ ስለ አየሩ ነበር የምጠይቃት።

«ሴኔን!» ብሎ ድምፅ ከበታቼ ስሜን ጠራ።

እህቴ ሁለት ኩባያ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። እኔ የኒካኖርን ካፖርት እንደያዝኩ ነኝ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለ ኒካኖር።

«ወንድሜ ነው» አለች። ዓይኗ ግን ወንበሩ ላይ ነበር፣ ከዚያ እኔ ላይ፣ ከዚያ ኒካኖር ላይ። ደደብ አይደለችም። «ምን ብለኸው ነው?»

እኔ ልናገር ነበር፣ ኒካኖር ቀደመኝ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ፣ ያ ለሱ ቆብ እንደማውለቅ ነው፣ ሁሉንም ነገራት። ማንን እንዴት እንዳስነሱ፣ ተራ ገብተው እንዴት እንደሚናገሩ፣ እሷ ስትመለስ እንዴት ወደ ሜዳው እንደሚያፈጡ። «ለቤላርሚኖ ቦታውን ጠበቅንለት» አለ። «ላንቺ ብለን ነው ኤተልቪና። ባዳ እንዳይቀመጥበት።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። መረቁን ፊቱ ላይ ብትደፋው ደስታዬ ነበር። እሷ ግን ቁጭ አለች፣ ኩባያዎቹን ጉልበቷ ላይ ይዛ።

«እናንተ ናችሁ እንግዲህ» አለች። «እሱ አልነበረም።»

«አልነበረም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ቤላርሚኖ አልተቆጣሽም። ማንም አልተቆጣሽም። ደስ ይበልሽ።»

«አልተቆጣኝም፣ አልሰማኝም፣ እዚህም አልነበረም።» ቀና ብላ አየችኝ፣ እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ይቅርታ ስለምን የነበረው ኒካኖርን ነው። ታዲያ አሁን ማን ይቅር ይበለኝ?»

ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲመለሱ ስታዲየሙ አጨበጨበ። የኒካኖርን ካፖርት ለቅቄ ጎኗ ተቀመጥኩ። ሟቹ ቢያሳድዳት ይሻላት ነበር። የሚያሳድድ ሰው አንድ ቀን ሊተው ይችላል።

ኒካኖር ከኋላ ጎንበስ አለ።

«ኤተልቪና፣ እኔ አይቼዋለሁ» አለ። «ያን ቀን። ጎሉ ሲገባ እኔ አልተነሳሁም፣ ሬዲዮው ገና ገባ አላለም ነበር፣ እኔ ደግሞ ሬዲዮው ሳይል… ታውቂኛለሽ። ቁጭ ብዬ ቤላርሚኖን አየሁት። እሱ ሜዳውን አላየም። አንቺን ነበር የሚያየው። ስትዘይ። እየሳቀ ነበር፣ ያ ሰውዬ፣ ጥርሱን አይቼበት የማላውቀው ሰውዬ፣ ስትዘይ እያየ ሳቀ። ከዚያ አንገቱ ወደቀ። እየሳቀ ነው የሞተው። ምን እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል ብዬ… ማን ጠየቀኝ? በእናቴ አፈር እምላለሁ።»

ቻሮ አፏን በእጇ ያዘች። ይኸው አገኘች ብዬ አሰብኩ፣ ከሰማይ የጠየቀችው ከኋላዋ ካለው ወንበር መጣላት።

ኤተልቪና ዞራ ኒካኖርን ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቱን፣ ዓይኑን፣ የሚንቀጠቀጠውን አገጩን።

«ይሄኛውስ?» አለች። «ይሄኛውም ለኔ ብለህ ነው?»

«እውነቴን ነው!»

«ለነዚያ ሁሉ ሰዎችም ‹ወዳ አይደለም የምትለቀው› ስትል እውነትህን ነበር። መልክህ እንዲህ ነበር?»

ኒካኖር አለቀሰ። ማልቀሱም አልረዳውም፣ ምክንያቱም ይህ ሰው ለሌላ ሰው ሲል ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ አሁን እያወቅን ነው። እኔ አምኜዋለሁ። ያቺን የሬዲዮውን ነገር ማንም ፈጥሮ አያመጣትም። ግን የኔ ማመን ለሷ ምን ይጠቅማታል? አንድ ምስክር ነበራት፣ እሱንም ደግነቱ አበላሸባት።

አንዱን ኩባያ ለኔ ሰጠችኝ። ቀዝቅዞ ነበር፣ ጠጣሁት።

ለሚቀጥለው ጨዋታ አትሄድም ብዬ ነበር፣ ተሳሳትኩ። ዋዜማው ላይ ስልኳን አውጥታ እንደ ወትሮው የቤላርሚኖን ወንበር ለቀቀች። ከኒካኖር ጎን ያለው ሰውዬ የእህቱ ልጅ ሠርግ ኖሮበት ወንበሩን ለቆ ኖሮ፣ እኔ ያን ገዛሁና ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ኒካኖር ሰላም አለኝ። የከሳ መሰለኝ። ማዳመጫውን አልሰካም፣ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የቤላርሚኖ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት የሚሆነው ረጅም ልጅ መጥቶ ተቀመጠ፣ ከማዕድን አካባቢ ካሉት መንደሮች ነው፣ በአነጋገሩ ይታወቃል። ጉልበቱ የፊት ወንበር ይነካ ነበርና ቻሮ ሳትወድ ፈቀቅ አለችለት። ዳቦም ሰጠችው። ለእረፍት እህቴ ወጣች። የረድፉ ሰው በሙሉ ጫማውን ጫማውን ያያል። ማንም አልተነፈሰም። ስትመለስ ልጁ እዚያው ነበር። መረቁን ሰጠችው፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብሎ ፉት አለው፣ ስለ ቡድኑ አከላካዮች ስድብ ቀላቅሎ አጫወታት። ክንዱ ክንዷን ይነካል። እሷ ግን እንዳሰብኩት አልተዝናናችም። ልጁ ሳል ባለ ቁጥር ዞር ትላለች። ዝም ባለ ቁጥርም ዞር ትላለች።

ከዚያ ጎል ገባ። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ፣ የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለ፣ ልጁም እጆቹን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ ዘለለ። እኔና ኒካኖር አልተነሳንም። ኤተልቪናም አልተነሳችም።

እዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ለሜዳው አዙራ፣ ቀና ብላ የልጁን ፊት ታያለች። የካፖርቱን ጫፍ በእጇ ይዛለች። ልጁ ቆይቶ ነው ያያት።

«ገባ እኮ እማማ!» አለ ጎንበስ ብሎ፣ እየጮኸ። «አላዩም እንዴ?»

«አንተ ደህና ነህ?» አለችው።

«እኔ?» ሳቀ፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ላብ በላብ ሆኗል። «ምን እሆናለሁ? ደህና ነኝ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ እማማ።»

እስትንፋሱን ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ካፖርቱን ለቀቀችና ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች፣ ለማጨብጨብ። እሷ ስትነሳ ሌላው ሰው መቀመጥ ጀምሮ ነበር።